አክስቴ እንቁላል ይተዉ ወይ? የፕሮቲን ሥራና ካንሰር

ሰላም የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች። ባለፈው ሳምንት የከፈትኩት ክር 31 መልስ ደርሷል። መሀል ላይ የገባችሁ ክርክሩ ከየት እንደተነሳ ስለጠፋባችሁ ከመጀመሪያው ጀምሬ በራሴ አነጋገር ልንገራችሁ። የማንንም ጽሑፍ እንዳለ አልገለብጥም።

እኔ ኮምቦልቻ ባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። እሁድ ዕለት አክስቴን ልጠይቅ ደሴ ወጣሁ። ቤታቸው ቧንቧ ውሃ ሰፈር ነው። የጡት ካንሰር ይዟቸው ቀዶ ጥገና ተደርጎላቸዋል፣ አሁን ኬሞ ላይ ናቸው። በር ከፍተው ሲስሙኝ ጉንጫቸው አጥንት ብቻ ሆኖብኛል። የጋብቻ ቀለበታቸው እንዳይወልቅ ነጭ ክር ጠምጥመውበታል። ምሳ ሲቀርብ ለእኛ እንቁላል ፍርፍር መጣ፣ ለእሳቸው ግን ጎመንና የገብስ አጥሚት።

ምክንያቱን ስጠይቃቸው አንድ የዘመድ ልጅ ስልኩ ላይ አንብቦ እንደመከራቸው ነገሩኝ። ካንሰር የሚያድገው ፕሮቲን እየሠራ ስለሆነ ፕሮቲን ካጣ ይሞታል ብሏቸዋል። እሳቸውም እንቁላል ተዉ። ወተት ተዉ። ሥጋ ተዉ። ሽሮ ሳይቀር ተዉ። ወሎ ውስጥ ሽሮ የተወ ሰው ምን ሊበላ ነው?

እኔን ያስደነገጠኝ ግን የልጁ ንግግር ግማሹ እውነት መሆኑ ነው። ማታ ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ ሐረጎ ላይ ጉም ወርዶ ሚኒባሱ እየዳኸ ነበር። መንገዱን ሙሉ ይችኑ ሳወጣ ሳወርድ መጣሁና ቤት እንደገባሁ ጻፍኩት።

የጻፍኩት ባጭሩ ይሄ ነው። ክፍል ውስጥ ካንሰር የዲኤንኤ ስህተት ነው ብለን እናስተምራለን። ልክ ነው። ዲኤንኤ ግን ብቻውን ምንም አይሠራም። መመሪያው ኤምአርኤንኤ በሚባል ቅጂ ይገለበጣል፣ ቅጂው ከሕዋሱ ማዕከል ከኒውክሊየስ ይወጣል፣ ራይቦዞም በሚባለው ፕሮቲን መሥሪያ ማሽን ላይ ይነበባል፣ ፕሮቲን ይሆናል። ራይቦዞሙም ያለ ረዳት አይነሳም። ሥራውን የሚያስጀምሩ፣ የሚያስቀጥሉና የሚያስጨርሱ ፕሮቲኖች አሉ፤ ፋክተር ይባላሉ። ከአስጀማሪዎቹ መካከል ስሙ ከካንሰር ጋር ቶሎ ቶሎ የሚነሳው ኢአይኤፍ4ኢ ነው። የኤምአርኤንኤው ጫፍ ላይ እንደ ቆብ የተደፋች ኬሚካል አለች። ኢአይኤፍ4ኢ ቆቧን ይይዛል፣ ኢአይኤፍ4ጂ ሌሎቹን ይሰበስባል፣ ኢአይኤፍ4ኤ የተጠላለፈውን የኤምአርኤንኤ ክር ይፈታል። ከዚያ ራይቦዞሙ ይገባል።

እ.ኤ.አ. በ1990 ሞንትሪያል ከተማ ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የናሁም ሶነንበርግ ቡድን ይሄ አንድ ፕሮቲን በአይጥ ሕዋሳት ውስጥ ከልክ በላይ እንዲበዛ አደረገ። ሕዋሳቱ የካንሰር ጠባይ አመጡ። በሽታ የመከላከል አቅም የሌላቸው አይጦች ላይ ሲከተቡ ዕጢ ሆኑ። መመሪያውን አንስቶ ወደ ሥራ የሚያስገባው ስለበዛ ብቻ ሕዋሱ ከመስመር ወጣ።

ጥያቄዬ እንግዲህ ሁለት ነበር። ይሄ ነገር በካንሰር ውስጥ ምን ያህል ቦታ አለው? እና ከዚህ ተነስቶ በሽተኛን ፕሮቲን መከልከል ልክ ነው ወይ?

መልስ 1 ሰላምታና ምርቃት ነበር። አንዲት እህት ፈጣሪ አክስቴን እንዲምራቸው ተመኝታ፣ ቆቡና ክሩ ስላልገባት ቀለል አድርጌ እንድነግራት ጠየቀችኝ።

ቀለል ያደረገላት ግን እኔ አይደለሁም። መልስ 2 ላይ ዕድሜያቸውን ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ሽመና ክፍል የጨረሱ አባት ገቡ። ማሽኑ ላይ ያለው ድር ሲያልቅና አዲስ ጥቅል ሲመጣ ጊዜውን ሁሉ የሚበላው መቋጠሩ እንደሆነ ጻፉ። የአሮጌው ድር ጫፍ ከአዲሱ ጋር እየተገናኘ አንድ በአንድ ይቋጠራል፤ ጣት ይላጣል፣ ዓይን ይፈዛል። አንዴ ከተነሳ ማሽኑ ራሱ ይሄዳል። በአንድ ፈረቃ ስንት ሜትር ጨርቅ እንደሚወጣ የሚወስነው ቋጣሪው ነው አሉ። ቋጣሪ ሲበዛ ማሽኑ ሁሉ ይነሳል። የእርስዎም ኢ ምናምን እንደዚያ ይመስለኛል ብለው ጨረሱ።

ይሄን ሳነብ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ስንት ዓመት ሳስተምር እንደዚህ ጥርት አድርጌ ተናግሬው አላውቅም። መልስ 3 የእኔ ነበር። አባባ ያሉት ልክ ነው አልኩ። የእኛ ራይቦዞም አንዴ ከጀመረ በሰከንድ አምስት ያህል አሚኖ አሲድ፣ ማለትም የፕሮቲን ጡብ፣ ይቀጥላል፤ አብዛኛው ቁጥጥር ያለው አጀማመሩ ላይ ነው። እሳቸውም እንዳሉት ነገሩ ቋጣሪው ጋ ነው።

መልስ 4 አንድ የሕክምና ተማሪ ነው። በጨዋ ቋንቋ አረመን። ቋጣሪው ሲበዛ ሁሉም ጨርቅ እኩል አይበዛም አለ። አንዳንድ ኤምአርኤንኤ ጫፉ አጭርና ግልጽ ስለሆነ አስጀማሪው ጥቂት ቢሆንም ይሠራል። አንዳንዱ ጫፉ ረጅምና የተጠላለፈ ስለሆነ ወረፋ ሲጠብቅ ይኖራል። ኢአይኤፍ4ኢ ሲበዛ ዕድል የሚያገኙት እነዚህ ወረፋ ጠባቂዎቹ ናቸው። እነሱ ውስጥ ደግሞ ሕዋስ እንዲባዛ የሚገፋው ሳይክሊን ዲ1፣ አዲስ የደም ሥር የሚያስበቅለው ቬጂኤፍ እና ሚክ የሚባለው ፕሮቲን አሉ። ሁሉም ለዕጢ የሚመቹ ናቸው።

ከዚህ በኋላ ነገሩ መሞቅ ጀመረ። መልስ 5 የጻፈው ሰው ካንሰር የጂን በሽታ ነው፣ ዙሪያ ጥምጥም አትሂዱ፣ ሕዝብ አታደናግሩ ብሎ ቆጣ አለ። መልስ 6 ላይ የሕክምና ተማሪው ተመልሶ ሁለቱ እንደማይጣሉ አስረዳ። ምሳሌው ጥሩ ስለነበር ልድገመው። በአፍሪካ ልጆች መንጋጋ ላይ የሚወጣው በርኪት ሊምፎማ እ.ኤ.አ. በ1958 በዴኒስ በርኪት የተገለጸ ካንሰር ነው። እዚያ ላይ የሚክ ጂን ከቦታው ተነቅሎ ሌላ ክሮሞዞም ላይ ይለጠፋል። ያ የጂን ስህተት ነው። ሚክ ሲበዛ ግን ራይቦዞም ያበዛል፣ አስጀማሪዎቹን ያበዛል። የጂኑ ስህተት ሥራውን የሚሠራው በፕሮቲን ፋብሪካው በኩል ነው። መልስ 5 የጻፈው ሰው ከዚያ በኋላ አልተመለሰም።

መልስ 7 ስለ ሐረጎ ጉም ነው። ሾፌሮች ማታ መብራት ሳያበሩ ይወርዳሉ የሚል ስሞታ ነበረው። እውነቱን ነው፣ ግን ርዕሳችን አልነበረም።

መልስ 8 ላይ ያ የዘመድ ልጅ ራሱ መጣ። ጽሑፌን አንብቦ ራሱን አወቀ። ስሙን አልጠራሁም ነበር፣ አሁንም አልጠራም። ተከፍቷል። ክፉ አስቦ እንዳልመከራቸው ጻፈ። ኤምቶር ስለሚባል ነገር አንብቧል። ኤምቶር ሕዋስ ውስጥ ምግብ መኖር አለመኖሩን የሚለካ ፕሮቲን ነው። አሚኖ አሲድ ሲገኝ ይነቃና 4ኢ-ቢፒ የሚባለውን የኢአይኤፍ4ኢ ጠባቂ ያስለቅቃል፤ ጠባቂው ሲለቅ ኢአይኤፍ4ኢ ነጻ ወጥቶ ይሠራል። ስለዚህ አሚኖ አሲድ ሲቀንስ ኤምቶር ይተኛል፣ ካንሰሩም ይተኛል ብሎ አሰበ። ያነበበው ስለ ኤምቶር ልክ ነው። ስህተቱ ከሕዋሱ ወደ አክስቴ ሳህን የተሻገረበት ድልድይ ላይ ነው።

መልስ 9 ያን ድልድይ አፈረሰችው። ደሴ ውስጥ የምትሠራ ነርስ ናት፤ የት እንደምትሠራ አልተናገረችም፣ እኔም አልጠየቅኳትም። ቃሏ ስለታም ነበር። እንዲህ ዓይነት ምክር የሰሙ ታማሚዎች አልጋ ላይ ቆዳቸው ሲላላ፣ ቁስላቸው አልድን ሲል ማየቷን ጻፈች። ሰው ሲከሳ የኬሞ መጠን ይቀነሳል፣ ቀጠሮው ይገፋል፣ ካንሰሩ ጊዜ ያገኛል አለች። ሰውነት ከሳህን ፕሮቲን ሲያጣ ጡንቻውን እያፈረሰ አሚኖ አሲድ ወደ ደም ይለቃል፣ ዕጢውም ከዚያው ይበላል። እና ማንን ነው ያስራብከው? ካንሰሩን ወይስ ሴትዮዋን? ልጁን በቀጥታ ነበር የጠየቀችው። ጠንከር ብላለች። ግን እንደዚያ ማለት ነበረባት ብዬ አምናለሁ።

መልስ 10 ላይ ቁጥር አስገባሁ። የአውሮፓ የክሊኒካል ሥነ ምግብ ማኅበር ለካንሰር ታማሚ የሚመክረው በኪሎ ግራም ክብደት በቀን ከ1 ግራም በላይ ፕሮቲን ነው፤ ቢቻል እስከ 1.5 ግራም። አክስቴ 46 ኪሎ ናቸው። ስለዚህ ከ46 እስከ 69 ግራም ማለት ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ያህል አለው። ጎመንና አጥሚት ብቻ ይዘው እዚያ አይደርሱም። እዚሁ መልስ ላይ የካንሰር ሕዋስ ሁሌም ፕሮቲን ማምረቱን ከፍ ያደርጋል ብዬ ጨመርኩ። እዚህች አባባል ላይ ተሳስቻለሁ፣ እርማቷ በኋላ ይመጣል።

ከመልስ 11 እስከ 13 ስለ ጾም ነው። አንዱ አባቶቻችን የጾሙት በከንቱ አይደለም አለ። ሌላው የታመመ ሰው ረመዳንን እንዲያፈጥርና ሲሻለው እንዲያወጣ ቁርአን ራሱ እንደፈቀደለት አስታወሰ። ሦስተኛዋ እናቷ ታመው የንስሐ አባታቸው ራሳቸው ወተት ጠጪ ብለው እንዳዘዟቸው ተረከች። ሃይማኖት ሲነሳ ክር ይቃጠላል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ይሄኛው ግን በፍቅር አለፈ። ወሎ ነዋ።

መልስ 14 ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪዋን የምትሠራ ልጅ ናት። እስካሁን የተወራው ስለ አስጀማሪዎቹ ብቻ ስለሆነ ወደ አራዛሚዎቹ ወሰደችን። ኢኢኤፍ2 የሚባለው ራይቦዞሙን ከአንዱ ቃል ወደ ቀጣዩ የሚያሻግር ነው። ምግብ ሲጠፋ ኢኢኤፍ2 ኪናዝ የሚባል ኢንዛይም ይነሳና ኢኢኤፍ2ን ያስቆመዋል። መስመሩ ይዘገያል፣ ጉልበት ይቆጠባል። ለጤነኛ ሕዋስ ጥሩ መከላከያ ነው። ችግሩ አንዳንድ ዕጢዎችም ይህንኑ ተምረዋል። ኪናዙን አብዝተው ረሃብን እንደ ክረምት ያሳልፉታል። ምግብ ሲመለስ እነሱም ይመለሳሉ። ታማሚዋ ግን የከሳችውን ያህል ከስታ ትቀራለች።

አባባ የሽመናው መልስ 15 ላይ አጭር ነገር ጨመሩ። መብራት ሲጠፋ ማሽኑን በእርጋታ ያቆመ ሠራተኛ ድሩ አይበጠስበትም፣ መብራቱ ሲመጣ ካቆመበት ይቀጥላል። ዕጢውም እንዲሁ ነው ማለት ነው ብለው አዘኑ።

መልስ 16 ላይ ደሜ ፈላ። አንድ ሰው ከዚህ ሁሉ ትምህርት የጉሎ ፍሬ ይሻላል ብሎ ጻፈ። ጉሎ ውስጥ ያለው ነገር የፕሮቲን ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አንብቦ፣ ካንሰር የፕሮቲን ጉዳይ ከሆነ ሁለት ሦስት ፍሬ ማኘክ ነው አለ።

ጉሎን የማያውቅ የለም። ያክስቴ ጓሮ ውስጥም አለ። ፍሬዋ ጥቁርና ቡናማ ዝንጉርጉር ናት፣ ዛጎል ትመስላለች። ተወቅጣ፣ በጨርቅ ተቋጥራ ምጣድ ማሰሻ ትሆናለች። ልጅ ሆኜ አክስቴ ምጣዱን ሲያስሱ ያ ጭስ ዓይኔን ያቃጥለኝ ነበር። የጋለ ምጣድ መርዙን ያበላሸዋል። ጥሬዋን ማኘክ ግን ፈጽሞ ሌላ ነገር ነው። ውስጧ ያለው ሪሲን የራይቦዞሙን አርኤንኤ ነቅሎ ያበላሻል፤ አንዷ ሞለኪውል በደቂቃ ከሺህ በላይ ራይቦዞም ከጥቅም ውጪ ታደርጋለች። የካንሰሩን ራይቦዞም ከልብና ከጉበት ራይቦዞም አትለይም። ይህን ሁሉ መልስ 17 ላይ ጻፍኩ። ነርሷ መልስ 18 ላይ መጥታ ከእኔ በባሰ ቁጣ ጽሑፉ እንዲነሳ ጠየቀች። መልስ 19 የሰውየው ይቅርታ ነው። ጎረቤቱ ታሞበት ያገኘውን ሁሉ እያነበበ እንደሆነ ነገረን። ከዚያ በኋላ ማንም ክፉ አልተናገረውም። ሰው ሲጨንቀው ያገኘውን ይጨብጣል።

መልስ 20 የአንዲት እናት ነው። ልጇ የደም ካንሰር ይዞት አዲስ አበባ ታክሟል። ከመድኃኒቶቹ አንዱ አስፓራጂኔዝ ይባል ነበር። ሐኪሙ ካንሰሩን ምግብ የሚያሳጣ መርፌ ነው ብሎ እንዳስረዳት ታስታውሳለች። ታዲያ ማስራብ የሚሠራበት ቦታ አለ አይደል ወይ ብላ ጠየቀች። በጣም ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ እኔ ራሴ መልሱን ወዲያው አላገኘሁትም።

የሁለተኛ ዲግሪዋ ልጅ መልስ 21 ላይ ደረሰችልኝ። አስፓራጂን አሚኖ አሲድ ነው። ጤነኛ ሕዋሳት ራሳቸው ይሠሩታል። እነዚያ የሉኪሚያ (የደም ካንሰር) ሕዋሳት ግን መሥሪያው ስለሚያንሳቸው ከደም ይለቅማሉ። መርፌው ደም ውስጥ ያለውን አስፓራጂን ይሰባብራል። ለፕሮቲናቸው አንድ ጡብ ጎደለ፣ ግንባታው ቆመ፣ ሕዋሱ ሞተ። መነሻውም የሚገርም ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 ጆን ኪድ የተባለ ተመራማሪ የጊኒ አሳማ ሴረም (የደም ፈሳሽ) አይጥ ላይ ያለን ሊምፎማ ሲያከስም አየ፤ ምስጢሩ ይኸው ኢንዛይም መሆኑ የታወቀው በኋላ ነው። ይህንን ግን በምግብ መድገም አይቻልም አለች። እንቁላል ብትተዪ ጉበት አስፓራጂኑን ሠርቶ ያቀርበዋል። መርፌው አንዲት ጡብ መርጦ ይወስዳል፤ ረሃብ ግን ቤቱን ሁሉ ያፈርሳል። እናትየዋ መልስ 22 ላይ ልጇ አሁን አራተኛ ክፍል እንደሆነ ነግራን አመሰገነች። ያን ቀን መልሷን ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አልቆጠርኩም።

ከዚያ የመድኃኒት ወሬ መጣ። መልስ 23 ላይ የሕክምና ተማሪው ኤምቶርን የሚያስተኛ መድኃኒት ካለ ለምን አንጠቀምም ለሚሉ መልስ ሰጠ። አለ። እ.ኤ.አ. በ1964 የካናዳ ተጓዦች ራፓ ኑኢ ከምትባል ደሴት አፈር ይዘው ሄዱ። ሞንትሪያል ውስጥ ሱረን ሴህጋል የሚባል ሳይንቲስት ከዚያ አፈር ባክቴሪያ ራፓማይሲንን አወጣ። ኤምቶር የሚለው ስም ራሱ የራፓማይሲን ዒላማ ማለት ነው። የእሱ ዘመድ የሆነው ኤቨሮሊመስ እ.ኤ.አ. በ2009 አሜሪካ ውስጥ ለተስፋፋ የኩላሊት ካንሰር ተፈቀደ፣ በ2012 ደግሞ ከሆርሞን መድኃኒት ጋር ለአንድ ዓይነት የጡት ካንሰር። ራይቦዞሙ ላይ በቀጥታ የሚያርፈው ኦማሴታክሲንም በዚያው በ2012 ሌላ መድኃኒት ላልሠራለት ሥር የሰደደ ሉኪሚያ ተፈቅዷል።

መልስ 24 አንድ ሰው ተቆጥቶ ታዲያ ተአምር ከሆነ ካንሰር ለምን አልጠፋም አለ። ተማሪው መልስ 25 ላይ ሳይቆጣ መለሰ። ራፓማይሲንና ዘመዶቹ የኤምቶርን ሥራ በሙሉ አያቆሙም፤ በተለይ ያንን 4ኢ-ቢፒ የሚባለውን ጠባቂ በደንብ አያስመልሱትም። ሕዋሱም አንዱ በር ሲዘጋበት በሌላ በር ምልክት ይልካል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ዕጢው ባለበት ይቆማል እንጂ አይጠፋም። አፍ ይቆስላል፣ የደም ስኳር ይወጣል። ሐኪም የሚያዝዘው ነገር ነው፣ ጎረቤት የሚመክረው አይደለም።

መልስ 26 የእኔ ስህተት የታረመበት ነው። የሁለተኛ ዲግሪዋ ልጅ መልስ 10 ላይ ሁሌም ያልኩትን ያዘችው። ዕጢ ሲያድግ መሀሉ ኦክስጅን ያጣል። ያኔ ኢአይኤፍ2 የሚባለው አስጀማሪ ላይ ፎስፌት የሚባል ኬሚካል ይለጠፍና የፕሮቲን ሥራው በጥቅሉ ይወርዳል። የጭንቅ ጊዜ መመሪያዎች ግን፣ እንደ ኤቲኤፍ4 ያሉት፣ በዚያን ጊዜ ነው የሚያልፉት። ስለዚህ ካንሰር ፋብሪካውን ሁሌ አያፋጥንም። የሚያውቀው ምን መቼ እንደሚሠራ መምረጥ ነው። ልክ ናት። ተቀበልኩ፣ ክፍል ውስጥም አርሜ አስተምረዋለሁ።

እሷው አንድ ተስፋ የሚሰጥ ነገር ጨመረች። እ.ኤ.አ. በ2015 ሳንፍራንሲስኮ የዳቪዴ ሩጄሮ ቡድን ኢአይኤፍ4ኢያቸው በግማሽ የቀነሰ አይጦችን አሳደገ። አይጦቹ እንደማንኛውም አይጥ አደጉ። ካንሰር የሚያመጣ ጂን ሲጫንባቸው ግን ዕጢ የማውጣት አቅማቸው ቀነሰ። ጤነኛ አካል በግማሹ ይኖራል፣ ካንሰር ግን ግማሹ አይበቃውም ማለት ነው። መድኃኒት ፈላጊዎቹ እዚህ ፋክተር ላይ ተስፋ የጣሉት በዚህ ምክንያት ነው። ይሄ ልዩነት ሕዋስ ውስጥ በመድኃኒት የሚፈለግ ነው፤ ሳህን በመቀነስ አይመጣም።

መልስ 27 ላይ ዶክሲሳይክሊን የሚባል የባክቴሪያ መድኃኒት እየወሰደ ያለ ልጅ ደንግጦ ራይቦዞሜን እየዘጋሁ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። የባክቴሪያው ራይቦዞም ከእኛ ስለሚለይ መድኃኒቱ የሚይዘው በዋናነት እሱን ነው፤ የታዘዘልህን ጨርስ አልነው።

መልስ 28 ላይ የዘመዴ ልጅ ተመለሰ። ስለ አስፓራጂኑ የተጻፈውን ሁለት ጊዜ እንዳነበበው ነገረን። ነርሷን አመሰገነ፤ እኔ በእሱ ቦታ ብሆን ያን ያህል ቶሎ ማድረጌን እንጃ። ቅዳሜ አክስቴ ጋ ሄዶ ራሱ እንደሚነግራቸው ቃል ገባ፣ እሳቸው የሚሰሙት እሱን ስለሆነ። ነርሷ መልስ 29 ላይ ቃሏ ለስልሶ፣ ሲሄድ ክብደታቸውን እንዲመዝንና አፋቸው ቆስሎ እንደሆነ እንዲያይ ነገረችው። አፍ ከቆሰለ ትኩስና በርበሬ የበዛበት እንዳያቀርቡላቸው፣ በትንሽ በትንሹ ቶሎ ቶሎ እንዲሰጧቸው። የእሳቸው ሐኪም ሌላ ነገር ካዘዘ ደግሞ የሐኪሙ እንደሚበልጥ።

መልስ 30 የአክስቴ ልጅ ናት፤ እሁድ ማታ ጻፈች። ልጁ ቅዳሜ አሥር እንቁላል በፌስታል ይዞ መጥቶ እግራቸው ሥር ተቀምጦ ይቅርታ ጠይቋቸዋል። አክስቴም አልቅሰዋል፣ ከዚያ አንድ ቅቅል እንቁላል በሁለት ጊዜ ጨርሰዋል። ማታ ወተት ጠጥተዋል። አፋቸው በግራ በኩል ቆስሏል። አሁን የጨነቃት ሌላ ነው፤ ጾም እየመጣ ነው፣ እሳቸው የንስሐ አባታቸው ቢፈቅዱም እንቁላል አልነካም ብለዋል፣ ምን ልሥራላቸው አለችኝ።

መልስ 31 የእኔ ነው። ሽሮው ቀጠን ብሎ፣ በርበሬ ሳይበዛበት፣ ለብ ሲል ይቅረብላቸው። ምስር ክክ በደንብ ይፈርፈር። እልበት ከቻልሽ ምቺላቸው፣ ለአፋቸው ለስላሳ ነው። አሹቅ አፋቸው እስኪድን ይቆይ። እኔ ቅዳሜ ስወጣ የባቄላ ዱቄቱን ይዤ እመጣለሁ።